የሙዚቃ ማጫወቻ ሲገዙ ስንት ጊጋባይት ይበቃዎታል?

የሙዚቃ ማጫወቻ ለመግዛት የተነሳ ሰው ስለ ድምፅ ጥራቱና ስለ ባትሪው ሲጠያይቅ ይሰነብትና፣ ስለ ማከማቻው መጠን ሲሆን ግን «ትልቁ ይሻላል» ብሎ በአፍታ ይወስናል፤ ገንዘቡ ካልበቃው ደግሞ ትንሹን ይዞ ይሄዳል። ትልቁን የገዛው ግማሹን ሳይነካው ዓመታት ያልፋሉ፤ ትንሹን የገዛው አዲስ አልበም ባገኘ ቁጥር «የቱን ላጥፋ?» እያለ ይጨነቃል። እኔ በሁለተኛው በኩል አልፌያለሁ። የካርድ ማስገቢያ የሌለው ባለ 16 ጊጋባይት ማጫወቻ ገዝቼ፣ ሁለት ዓመት ያህል በየእሑዱ ማታ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ ዘፈን ስሰርዝና ስጭን ኖሬያለሁ። ሒሳቡን አስቀድሜ ብሠራው ኖሮ ከዐሥር ደቂቃ በላይ አይፈጅብኝም ነበር።

ገዢን በብዛት የሚያሳስተው በማሸጊያው ላይ በጉልህ የሚጻፈው የዘፈን ብዛት ነው። ዘፈን እንደ ኪሎ ወይም እንደ ሊትር የተወሰነ ልክ የለውም፤ የሦስት ደቂቃውም የአሥራ ሁለት ደቂቃውም እኩል ዘፈን ተብሎ ይቆጠራል። አምራቹ «ይህን ያህል ሺህ ዘፈን ይይዛል» ሲል፣ አንድ ዘፈን ስንት ደቂቃ እንደሚረዝምና ምን ያህል ተጨምቆ እንደሚቀመጥ በራሱ ግምት ወስኖ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2001 የመጀመሪያውን አይፖድ ሲያወጣ ባለ 5 ጊጋባይቱ ማጫወቻ 1,000 ዘፈን እንደሚይዝ አስተዋውቆ ነበር። የተነሳበት ግምት እያንዳንዱ ዘፈን 4 ደቂቃ ይረዝማል፣ በ160 ኪሎቢት በሰከንድም ይቀመጣል የሚል ስለነበር፣ አንዱ ዘፈን 4.8 ሜጋባይት፣ ሺሁ ደግሞ 4.8 ጊጋባይት ይመጣል፤ ሒሳቡ ልክ ነው። ከዓመታት በኋላ የወጣው ባለ 160 ጊጋባይቱ አይፖድ ክላሲክ ደግሞ 40,000 ዘፈን ይይዛል ተባለ። በመጀመሪያው ስሌት ቢሄዱ ግን 33,000 ገደማ ብቻ ነው የሚገባው። ጊጋባይቱ አልሰፋም፤ በመካከሉ ግምቱ ወደ 128 ኪሎቢት ዝቅ ብሏል። ሁለቱም ቁጥሮች ውሸት አይደሉም፤ ነገር ግን የእርስዎን ዘፈኖች ርዝመትና ጥራት ከሁለቱ አንዱም አያውቅም። ስለዚህ የማሸጊያውን ቁጥር ይተዉትና የራስዎን ሙዚቃ በደቂቃና በሰዓት ይቁጠሩ።

ደቂቃን ወደ ሜጋባይት የሚመነዝረው ቁጥር ቢትሬት ይባላል፤ ለአንድ ሰከንድ ሙዚቃ ስንት ኪሎቢት እንደሚያስፈልግ የሚናገር ነው። ቢትሬቱን በ60 ያባዙት፤ ስምንት ቢት አንድ ባይት ስለሆነ ውጤቱን ለ8 ያካፍሉት፤ ኪሎባይቱን ወደ ሜጋባይት ለመለወጥ ደግሞ እንደገና ለ1,000 ያካፍሉት፤ የሚያገኙት የአንድ ደቂቃ ሙዚቃ የሚይዘውን ቦታ ነው። በዚህ መንገድ በ128 ኪሎቢት የተቀመጠ ኤምፒ3 በደቂቃ 0.96 ሜጋባይት፣ በ192 የተቀመጠው 1.44፣ በ256 የተቀመጠው 1.92፣ ከፍተኛው የኤምፒ3 ደረጃ የሆነው 320 ደግሞ 2.4 ሜጋባይት ይፈጃል። በቃል መያዝ ያለበት የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ 128 ኪሎቢት ማለት በደቂቃ አንድ ሜጋባይት ገደማ ማለት ሲሆን ሌላውን ሁሉ ከእሱ ተነስቶ መገመት ይቻላል። ፎርማቱ ኤኤሲም ሆነ ኦፐስ ቢሆን ስሌቱ አይለወጥም። አዳዲሶቹ ፎርማቶች ጥቅማቸው በዝቅተኛ ቢትሬት የተሻለ ድምፅ መስጠታቸው ነው እንጂ፣ 128 ኪሎቢት በየትኛውም ፎርማት ያው 128 ኪሎቢት ነው።

ጥራቱ ሳይቀንስ የሚቀመጠው ሙዚቃ ጉዳይ ግን ትንሽ ይለያል። የሲዲ ድምፅ በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየተለካ፣ እያንዳንዱ ልኬት በ16 ቢት፣ ለግራና ለቀኝ ለየብቻው ስለሚመዘገብ 1,411 ኪሎቢት በሰከንድ ይሆናል፤ ይህም በደቂቃ 10.6 ሜጋባይት ያህል ነው። ፍላክ የሚባለው ፎርማት ይህን ድምፅ አንዲት ቢት ሳይጥል፣ ሰነድ በዚፕ እንደሚታጠፍ አጥፎ ያስቀምጠዋል። መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ ከዋናው ግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ይሆናል። ቁርጥ ያለ ቁጥር የማይሰጠው የሚታጠፈው ነገር እንደ ሙዚቃው ዓይነት ስለሚለያይ ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን በዝግታ የሚጫወተው የፒያኖ ቅጂ በእጅጉ ይታጠፋል፤ ከበሮውም ጊታሩም ድምፃዊውም በአንድ ላይ የሚጮሁበት የሮክ አልበም ግን እምብዛም አይታጠፍም። ለግምት በደቂቃ 6 ሜጋባይት ብለው ቢይዙ ከእውነታው ብዙ አይርቁም። ከሲዲ በላይ ጥራት አለው ተብሎ የሚሸጠው ባለ 24 ቢትና 96 ኪሎኸርዝ (በሰከንድ 96,000 ጊዜ የተለካ) ቅጂ ሳይታጠፍ በደቂቃ ወደ 35 ሜጋባይት፣ ባለ 192 ኪሎኸርዙ ደግሞ ወደ 69 ሜጋባይት ይወስዳል፤ በፍላክ ቢታጠፉም ከሲዲው ቅጂ ብዙ እጥፍ ይበልጣሉ።

እነዚህ ቁጥሮች በእውነተኛ ስብስብ ላይ ሲያርፉ ምን እንደሚመስሉ እንመልከት። አንድ ሰው 180 አልበሞች አሉት እንበል፤ እያንዳንዱ በአማካይ 50 ደቂቃ ቢረዝም ድምሩ 9,000 ደቂቃ ወይም 150 ሰዓት ነው። ይህ ስብስብ በ128 ኪሎቢት ቢቀመጥ 8.6 ጊጋባይት፣ በ256 ቢቀመጥ 17.3፣ በ320 ቢቀመጥ 21.6፣ በፍላክ ሲሆን 54 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። ሁሉም በ96 ኪሎኸርዝ ቅጂ ቢገኝና በፍላክ ታጥፎ በደቂቃ 20 ሜጋባይት ቢፈጅ ደግሞ 180 ጊጋባይት ይደርሳል። ሰውየውም ሙዚቃውም አልተለወጡም፤ የሚያስፈልገው ቦታ ግን ሃያ እጥፍ ተለያየ። የማከማቻው ጥያቄ በመጀመሪያ የጥራት ጥያቄ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በነገራችን ላይ 150 ሰዓት ማለት በቀን ሁለት ሰዓት የሚያዳምጥ ሰው አንዱንም ሳይደግም 75 ቀን የሚያዳምጠው ነው፤ ስብስቡን ሁሉ ይዞ መዞር የግድ ስለመሆኑ ይህን ቁጥር አይቶ መወሰን ተገቢ ይመስለኛል።

የራስዎን ስብስብ ለመለካት ሙዚቃው ያለበትን ፎልደር በኮምፒውተርዎ ላይ ከፍተው በቀኝ ቁልፍ ይጫኑና ፕሮፐርቲስ የሚለውን ይምረጡ፤ ጠቅላላ መጠኑንና የፋይሉን ብዛት ያሳይዎታል። አብዛኞቹ የሙዚቃ ፕሮግራሞች ደግሞ ሁሉንም ዘፈን በአንድ ላይ ሲመርጡ ጠቅላላ የሰዓቱን ድምር ከታች ይጽፋሉ። ሁለቱንም ቁጥሮች ይመዝግቡ። ሜጋባይቱን ለደቂቃው ሲያካፍሉ የራስዎ አማካይ ይወጣል፤ ይህ አማካይ ከእኔም ሆነ ከአምራቹ ግምት ይልቅ የሚታመን ነው። ሙዚቃዎ ገና በሲዲ ላይ ከሆነ ሲዲዎቹን ቆጥረው በ50 ደቂቃ ማባዛት በቂ ነው። ዘፈኖቹ ከልዩ ልዩ ቦታ በየዘመኑ የተሰበሰቡ ከሆኑ አንዱ በ128፣ ሌላው በ320፣ ሌላው በፍላክ ሆኖ ያገኙታል፤ ይህ አያስጨንቅዎ፣ አማካዩ ሁሉንም አቻችሎ ይይዘዋል።

ዛሬ ያለው ስብስብ ግን የሒሳቡ ግማሽ ብቻ ነው። ማጫወቻ በደህና ከተያዘ አምስት ዓመት ያገለግላል፤ በእነዚህ ዓመታት ስንት አልበም እንደሚጨምሩ ካለፈው አንድ ዓመት ተነስተው ይገምቱ። ከላይ ያነሳነው ባለ 180 አልበሙ ሰው በወር አራት አልበም የሚጨምር ከሆነ፣ በፍላክ አንዱ አልበም 300 ሜጋባይት ስለሚሆን በወር 1.2 ጊጋባይት፣ በዓመት 14.4፣ በአምስት ዓመት 72 ጊጋባይት ይጨምራል። ከነባሩ 54 ጋር 126 ጊጋባይት ይሆናል። በ256 ኪሎቢት የሚያስቀምጥ ቢሆን ኖሮ ጭማሪው በአምስት ዓመት 23 ጊጋባይት፣ ድምሩም 40 ጊጋባይት ገደማ ነበር። ፖድካስትና የድምፅ መጽሐፍ ለዚህ ሒሳብ እዚህ ግባ የሚባሉ አይደሉም፤ ንግግር በ64 ኪሎቢት በደንብ ስለሚሰማ የዐሥር ሰዓት መጽሐፍ 288 ሜጋባይት ብቻ ነው።

ታዲያ ፍላክ ይሻላል ወይስ የተጨመቀው? በዚህ ላይ ብዙ ክርክር ይደረጋል፤ እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው በምን ያዳምጣሉ የሚለውን ነው። በብሉቱዝ የጆሮ ማዳመጫ የሚያዳምጥ ሰው ፍላክ ቢጭንም ድምፁ ወደ ጆሮው የሚደርሰው በመንገድ ላይ እንደገና ተጨምቆ ነው። ሁሉም የብሉቱዝ ማዳመጫ የሚቀበለው ኤስቢሲ የተባለው የማሳለፊያ ዘዴ በተለመደው ከፍተኛ ደረጃው 328 ኪሎቢት በሰከንድ ያህል ያሳልፋል፤ ከተስፋፉት ዘዴዎች መካከል ሰፊ መንገድ ካላቸው አንዱ የሆነው ኤልዳክ እንኳ ቢበዛ 990 ኪሎቢት ነው፣ የሲዲው ድምፅ ደግሞ 1,411። ስለዚህ በብሉቱዝ ለሚያዳምጥ፣ በመንገድ ላይና በሥራ መካከል ለሚሰማ፣ በ256 ኪሎቢት ኤኤሲ የተቀመጠ ሙዚቃ ይበቃዋል ብዬ አምናለሁ። ጥሩ ባለ ሽቦ ማዳመጫ ይዞ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሚሰማ ሰው ግን በፍላክ ቢሞላው አይቆጨውም።

ለሁለቱም የሚስማማ መንገድ አለ፤ ዋናውን ቅጂ በፍላክ አድርጎ በቤት ኮምፒውተር ወይም በውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ ማኖር፣ ለማጫወቻው ደግሞ ከዚያ የተጨመቀ ቅጂ እየሠሩ መጫን ነው። በዚህ ጊዜ አንድ ስሕተት ይጠንቀቁ። ኤምፒ3ን ወደ ፍላክ መቀየር ፋይሉን ከማግዘፍ በቀር ምንም አይጨምርም፤ የተጣለው ድምፅ አንዴ ተጥሏል። ኤምፒ3ን ወደ ሌላ የተጨመቀ ፎርማት መቀየርም ጉዳትን በጉዳት ላይ መደረብ ነው። መቀየር ካለበት ሁልጊዜ ከፍላኩ ወይም ከሲዲው ይነሱ።

የሚያስፈልግዎትን ቁጥር ካወቁ በኋላ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ጋር ማነጻጸር ይቀራል፤ እዚህ ላይ ከተጻፈው የሚቀነስ አለ። አምራቾች አንድ ጊጋባይትን አንድ ቢሊዮን ባይት አድርገው ሲቆጥሩ፣ ብዙ መሣሪያዎች ግን በ1,024 እያባዙ ስለሚቆጥሩ፣ 32 ተብሎ የተሸጠው 29.8፣ 64 የተባለው 59.6፣ 128 የተባለው 119፣ 256 የተባለው ደግሞ 238 ሆኖ ይታያል። ማንም አልሰረቀዎትም፤ አቆጣጠሩ ነው የተለያየው። የሙዚቃ ፋይልዎንም ያው ኮምፒውተር በዚያው አቆጣጠር ከለካው ሁለቱን ለማወዳደር ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ሳይሆን መሣሪያው ላይ የሚታየውን ቁጥር ይውሰዱ። በእርግጥ ከማከማቻው የሚያጎድለው የማጫወቻው ሲስተም ነው። ቀላል ሲስተም ያላቸው ትናንሽ ማጫወቻዎች ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ሲወስዱ፣ አንድሮይድ የተጫነባቸው ግን ገና ከካርቶኑ ሲወጡ በርካታ ጊጋባይት በሲስተሙ ተይዞ ነው፤ አፕሊኬሽኖች ሲጨመሩ ደግሞ ይብሳል። ባለ 32 ጊጋባይት አንድሮይድ ማጫወቻ የሚገዛ ሰው «ለእኔ የሚተርፈኝ ስንት ነው?» ብሎ መሣሪያውን አስከፍቶ በማስተካከያው ውስጥ ማየት አለበት።

ሌላው ሳይታወቅ ቦታ የሚበላው የአልበም ሽፋን ምስል ነው። ምስሉ በእያንዳንዱ ዘፈን ፋይል ውስጥ ለየብቻው ይቀመጣል፤ ዐሥራ ሁለት ዘፈን ባለው አልበም አንዱ ምስል ዐሥራ ሁለት ጊዜ ይደገማል ማለት ነው። ምስሉ ግማሽ ሜጋባይት ቢሆን 10,000 ዘፈን ላለው ሰው 5 ጊጋባይት ሥዕል ይሸከማል። በትንሿ ስክሪን ላይ ልዩነቱ ስለማይታይ ምስሎቹን ማሳነስ ይቻላል። ከዚህም ሌላ ማከማቻ እስከ አፉ መሞላት የለበትም። ማጫወቻው የዘፈኖቹን ዝርዝር የሚጽፍበት ቦታ ይፈልጋል፤ ፍላሽ ሜሞሪም ጢም ብሎ ሲሞላ አዲስ ነገር ለመጻፍ ይዘገያል። እኔ 15 በመቶ ያህል ባዶ ይተው የሚል ልማድ አለኝ። በዚህ ልክ ሲታይ የፍላኩ 126 ጊጋባይት ወደ 148 ከፍ ስለሚል ለባለ 128ቱ አይሆንም፣ 256 ያስፈልገዋል፤ የተጨመቀው 40 ጊጋባይት ግን 47 ገደማ ስለሚሆን፣ ሲስተሙ ብዙ ካልወሰደ፣ በባለ 64ቱ ውስጥ ተደላድሎ ይቀመጣል።

ለስፖርት ብቻ የሚያዝ፣ ልብስ ላይ የሚሰካ ትንሽ ማጫወቻ ከሆነ ይህ ሁሉ ሒሳብ አያስፈልግም። ባለ 8 ጊጋባይቱ በ128 ኪሎቢት ከ120 ሰዓት በላይ ይይዛል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ከመጠኑም በላይ ይከብዳል፤ የካርድ ማስገቢያ አለው ወይስ የለውም? የማይክሮ ኤስዲ ማስገቢያ ያለው ማጫወቻ ከሆነ የውስጥ ማከማቻው ትንሽ ቢሆን ግድ የለም፤ ዛሬ የሚበቃዎትን ካርድ ገዝተው ሲሞላ በሌላ መተካት ይቻላል። ማስገቢያ የሌለው ከሆነ ግን በገዙበት ቀን የወሰኑት ቁጥር እስከ መጨረሻው አብሮዎት ይኖራልና፣ ስሌቱ ከሰጠዎት አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ይውሰዱ። በተመሳሳይ ዋጋ ማስገቢያ ያለው ባለ 16 እና ማስገቢያ የሌለው ባለ 64 ቢቀርብልኝ ሳላመነታ የመጀመሪያውን እወስዳለሁ። ከስትሪሚንግ አገልግሎት ሙዚቃ አውርደው ያለ ኢንተርኔት የሚያዳምጡ ከሆነ ግን፣ አፕሊኬሽኑ ወደ ካርዱ ማውረድ የሚፈቅድ መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ ካልፈቀደ ካርዱ ለዚያ አይጠቅምዎትም፣ የውስጡ ማከማቻ ሰፊ መሆን አለበት።

ካርድ ሲገዙ ማጫወቻው የሚቀበለውን ዓይነት በመመሪያው ላይ ይመልከቱ። እስከ 32 ጊጋባይት ያሉት ካርዶች ኤስዲኤችሲ፣ ከዚያ በላይ እስከ 2 ቴራባይት ያሉት ኤስዲኤክስሲ ይባላሉ። የመጀመሪያዎቹ ፋት32 በተባለ የፋይል አደረጃጀት፣ ሁለተኛዎቹ ኤክስፋት በተባለው ተዘጋጅተው ይሸጣሉ። አሮጌ ማጫወቻ ኤክስፋትን ስለማያውቅ ባለ 64 ካርድ ሲገባለት «ካርድ የለም» ይላል። ብዙውን ጊዜ ያንኑ ካርድ በኮምፒውተር ላይ በፋት32 ፎርማት ሲያደርጉት ይቀበለዋል፤ በዚህ ጊዜ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት መብለጥ አይችልም፣ ለሙዚቃ ግን ይህ የሚያስቸግርበት ጊዜ ከስንት አንዴ ነው። አንዳንድ ማጫወቻዎች በካርዱ ላይ ቦታ እያለም ከተወሰነ የዘፈን ብዛት በላይ በዝርዝራቸው ውስጥ አያስገቡም፤ ስብስብዎ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ከሆነ ይህንንም ከመመሪያው ላይ ይፈልጉ።

ለካርድ ፍጥነት ተብሎ ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት አስፈላጊ አይመስለኝም። የሲዲ ድምፅ ሳይታጠፍ ለመጫወት በሰከንድ 0.18 ሜጋባይት ይበቃዋል፤ ክላስ 10 የሚል ምልክት ያለው ተራ ካርድ ደግሞ በሰከንድ ቢያንስ 10 ሜጋባይት ይጽፋል። ፍጥነቱ የሚታወቀው ሙዚቃውን ከኮምፒውተር ሲገለብጡ ነው፤ 200 ጊጋባይት በሰከንድ 20 ሜጋባይት ሲጻፍ ወደ ሦስት ሰዓት ይጠጋል። ይህ ደግሞ አንድ ጊዜ የሚሆን ነገር ነው።

ገንዘብዎን የሚበላው ሐሰተኛው ካርድ ነው። አንድ ጊዜ ከገበያው ዋጋ በግማሽ የረከሰ ባለ 256 ካርድ ገዛሁ። ኮምፒውተሩ ላይ ስሰካው 238 ጊጋባይት ብሎ አሳየኝ፤ ሙዚቃዬንም ያለ አንዳች ቅሬታ ተቀበለ። በሦስተኛው ቀን አልበሞቹ በመሐል መቆራረጥ ጀመሩ፤ አንዳንዱ ዘፈን ስሙ አለ፣ ሲጫወት ግን ጸጥታ ነው። ካርዱ በእርግጥ ይዞ የነበረው 32 ጊጋባይት ብቻ ነበር፤ ትልቅ እንዲመስል መቆጣጠሪያው ተነካክቶ ስለነበር ከዚያ በላይ የተጻፈው ሁሉ የትም አልተቀመጠም። በዊንዶውስ ላይ ኤችቱ ቴስት ደብሊው፣ በሊኑክስና በማክ ላይ ደግሞ ኤፍ3 የሚባሉ ነጻ ፕሮግራሞች ካርዱን እስከ ጫፉ በፋይል ሞልተው መልሰው በማንበብ የተጻፈው ሁሉ በቦታው መኖሩን ይመረምራሉ። ይህን ምርመራ ገና ምንም ሙዚቃ ሳይጭኑ፣ ደረሰኙም ሳይጠፋ ያድርጉት። ባለ 256 ካርድ በሰከንድ 20 ሜጋባይት ሲጻፍ መሙላቱ ብቻ ሦስት ሰዓት ተኩል ይፈጃልና ማታ አስጀምረው ይተኙ፤ ጠዋት ሲነሱ ስሕተት የሚል ቃል ካዩ ሳይውል ሳያድር ወደ ሻጩ ይመልሱት።